ቆሮሶና የጉራጌ ተራሮች ውኃ

በቀይ ባሕር የኮራል አለቶች መካከል ስናፐር የሚባሉ ዓሦች ይኖራሉ። አንደኛው ዝርያ በቢጫ ገላው ላይ አራት ሰማያዊ መስመሮች አሉት። ፎርስኮል የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ በ18ኛው መቶ ዘመን ከዚያ ባሕር መዝግቦታል፤ መዝገቡ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1775 እ.ኤ.አ. ነው። የዓሣ ውበት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ዓይነቱን ነው። ለቡታጅራና ለወልቂጤ ሰው ግን ባለቀለሙ ዓሣ ከዚህ ይቀርባል፤ ስሙም ቆሮሶ ነው።

ቆሮሶን ገበያ ላይ ያየው ሰው ግራጫ ዓሣ ነው ቢል አይፈረድበትም። ቀለሙ የሚወጣው በሕይወት ሳለ፣ ያውም በመራቢያው ወቅት ነው። ያን ጊዜ የወንዱ ራስ፣ ሆዱና ክንፎቹ ይቀላሉ። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ በአፉ አፈር እየዛቀ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሌላ ወንድ ከቀረበ ያባርራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥልና ወዲያው አፏ ውስጥ ትሰበስበዋለች። እስኪፈለፈል ድረስ እዚያው ትይዘዋለች፤ በዚህ ጊዜ እምብዛም አትመገብም። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። ከአገራችን ዓሦች ሁሉ የእናትነት ነገር እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ጉራጌን ከዚህ ዓሣ ጋር የሚያገናኘው ውኃው ነው። በተራሮቹ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። በምዕራብ የወረደው በወልቂጤ በኩል በዋቤ ወንዝ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤም ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። በምሥራቅ፣ በቡታጅራ ወገን፣ የወረደው ደግሞ በመቂ ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። ቆሮሶ በሁለቱም ሐይቆች ይኖራል።

ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ3 ሜትር አይበልጥም። ለቆሮሶ ምቹ የሆነውም በዚሁ ነው። ብርሃን በሚገባበት ውኃ አልጌ ይበቅላል፤ ቆሮሶም በዋናነት አልጌ ይበላል። ብዙ እንስሳት የማይፈጩትን አልጌ የጨጓራው ኃይለኛ አሲድ ያፈርሰዋል፣ ረጅሙ አንጀቱም ይጨርሰዋል። በዳርቻው ያለው ፊላና ሸምበቆ ደግሞ ለጫጩቶቹ መሸሸጊያ ነው።

እንዲህ ያለ ሐይቅ በቀላሉ ይጎዳል። ተራራው ሲራቆት የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በመቂ በኩል ያወርደዋል፤ የደፈረሰ ውኃ ብርሃን ይከለክላል፣ አልጌው ይቀንሳል። ስለዚህ ከቡታጅራ በላይ የሚሠራ እርከንና የሚተከል ዛፍ ለገበሬው ማሳ ብቻ ሳይሆን ለዓሣውም ነው። ይህን ሥራ የሚያቅዱ ሰዎች ሐይቁን አብረው ሊያስቡት ይገባል እላለሁ።

በሐይቁ በኩል ያለው ችግር መረብ ነው። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፤ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ደግሞ ገና ያልወለደውን ትንሹን ሁሉ ያወጣል። ጎጆ ባለበት ዳርቻ ሲጣል ጉዳቱ ይብሳል፤ እንቁላል የያዘች ሴት መረብ ሲይዛት ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ ትተፋዋለች። ዓሣ አጥማጁ አንዲት ዓሣ ይዞ ይሄዳል፤ በመቶዎች የሚቆጠረው እንቁላል ግን እዚያው ይጠፋል።