ጡት ማስያዣው ሳይጣል በፊት

ከየጁቤ እስከ ቢቸናና ሞጣ ገበያ ሽቦ ያለው ጡት ማስያዣ ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ አዲሱም ልባሹም ይሸጣል። በዓለም ላይ በሰፊው የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ነው። የለባሾቹ እሮሮ አንድ ነው፦ ሽቦው ጨርቁን በስቶ ብብት ይወጋል።

ሽቦው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቀጭን ብረት ነው፤ ጫፎቹ ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ይለበጣሉ። የሚያድረው ከጡቱ ሥር በተሰፋ ጠባብ የጨርቅ ቱቦ ውስጥ ሲሆን፣ የቱቦው አፍ በጥቅጥቅ ስፌት ይዘጋል። ቶሎ የሚጎዳው ይኸው አፍ ነው።

አንደኛው ምክንያት ልክ ያልሆነ መጠን ነው። ጡቱን የሚይዘው ክፍል ሲያንስ ሽቦው ደረት ላይ መተኛቱ ቀርቶ ጡቱ ላይ ይቀመጣል፤ ሰውነት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጫፉ ጨርቁን ይፍቃል። ሁለተኛው አጠባ ነው። ጠምዝዞ መጭመቅ ሽቦውን ያጣምመዋል፤ በረኪና ላስቲኩን ይበላዋል። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና በእጅ ይታጠብ፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይመጠጥ፤ ከመሃሉ ተሰቅሎ ጥላ ላይ ይድረቅ። ሲቀመጥም አንዱ ጎን በሌላው ውስጥ አይታጠፍ።

ልባሽ የምትገዛ ሴት ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቷ ትዳብሰው። ዝገት የነካው፣ የተሰበረ ወይም አፉ የሳሳ ከሆነ ትተወው።

ሽቦው ከወጣ ጫፉ ይታይ። ልባጡ በትንሹ ከተላጠ የጥፍር ቀለም ደጋግሞ ቀብቶ ማድረቅ ይረዳል። ከዚያ ሽቦው ወደ ቱቦው ተመልሶ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይገፋ። ቀዳዳው ላይ ጠንካራ ቁራጭ ጨርቅ ታጥፎ ይደረብና በድርብ ክር፣ በተቀራረበ ስፌት ወዲያና ወዲህ ይሰፋ። በመኪና የሚሰፋ ከሆነ ሽቦው ከመርፌው መራቁ ይረጋገጥ፤ ብረት ያገኘ መርፌ ይሰበራልና። የተሰበረ ሽቦ ግን አይጠገንም። ከሁለቱም ጎን ወጥቶ ጡት ማስያዣው ያለ ሽቦ ይለበስ፤ ወይም በመጠኑና በቅርጹ ልክ በሆነ ሌላ ይተካ።

የምታጠባ እናት ሽቦ የሌለውን ብትመርጥ ይሻላል፤ የሚጫን ሽቦ የወተት መውረጃን ሊዘጋ ይችላልና።

ብዙ ሴቶች አፍረው ለሰፊ ሳያሳዩት ይጥሉታል። ኮትና ሱሪ እንደሚጠገን ይህም ይጠገናል። ሰፊው ዘንድ መውሰድ ከከበዳችሁ መርፌና ክር ቤታችሁ አለ፤ ቀዳዳው ሳይሰፋ ዛሬውኑ ስፉት።