ሀሁን ማዜምና ፊደልን መለየት

በአንደኛ ክፍል ደጃፍ ያለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ አለ። ስልሳና ሰባ ሕፃናት በአንድ ጉሮሮ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ሲሉ መንገደኛው «ልጆቻችን ትምህርት ይዘዋል» ብሎ ደስ እያለው ያልፋል። ድምፁ የሚያስደስት መሆኑን እኛም አንክድም። ይሁን እንጂ ይህ ድምፅ የሚያረጋግጥልን ሕፃናቱ ማዜም መቻላቸውን ብቻ ነው። ማንበብ መቻል አለመቻላቸው በሌላ መንገድ መመርመር ይኖርበታል።

ምርመራው ቀላል ነው። በፊደል ገበታው ላይ ጣታችንን «ኖ» ላይ አሳርፈን «ይህች ማን ናት?» ብለን አንዱን ሕፃን እንጠይቅ። ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ወዲያው አይመልስም፤ ዓይኑን ወደ ረድፉ መነሻ ይመልስና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ነ፣ ኑ፣ ኒ» ብሎ ይነሣል፤ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ «ኖ!» ብሎ ይጮኻል። ይህ ሕፃን ሰነፍ አይደለም። የተማረውን በትክክል ፈጽሟል፤ የተማረው ግን ሰልፍ ነው። አንድ ወታደር ጓደኛውን የሚያውቀው በሰልፍ በቆመበት ተራ ብቻ ቢሆን፣ ሰልፉ ተበትኖ ገበያ መካከል ሲያገኘው አይለየውም። ቃል ደግሞ የተበተነ ሰልፍ ነው። «በሬ» በሚለው ቃል «በ» ከአንድ ረድፍ፣ «ሬ» ከሌላ ረድፍ መጥተው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ያን ጊዜ ዜማው ለሕፃኑ ምንም አይረዳውም።

የቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ብዙዎቻችን የኔታን የምናስታውሳቸው በአለንጋቸውና በቃል በማስጠናታቸው ነው፤ ይህ ግን ግማሹ እውነት ብቻ ነው። የኔታ ተማሪያቸውን ሀሁ ካስቆጠሩት በኋላ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩት ነበር። በአቡጊዳ ፊደላቱ የለመዱትን ተራ ትተው በሌላ ተራ ይቆማሉ፤ ድምፁም በየፊደሉ እየተለወጠ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያለ ይሄዳል። በቀድሞው ዜማ ተማምኖ የመጣ ተማሪ እዚህ ላይ ይያዛል፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ ግዴታ ይሆንበታል። በዚህ ላይ ስንደዶው ነበር። ተማሪው ስንደዶውን በፊደሏ ላይ ሳያሳርፍ አፉን እንዲከፍት አይፈቀድለትም፤ እጁ፣ ዓይኑና አንደበቱ እኩል ይጓዙ ነበር። ዘመናዊው ክፍል በብዙ ስፍራ ዜማውን ወርሶ ስንደዶውንና አቡጊዳውን ትቷቸዋል። በእኛ አስተያየት ከወረሰው ይልቅ የተወው ይበልጥ ነበር።

ፊደሉ ራሱ ሲታይ ለመምህሩ ብዙ ረዳት አለው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህም ለሰባት ዓመት ሕፃን የሚያስፈራ ቁጥር ነው። ነገር ግን 231 እንግዳ መልኮች አይደሉም። «ለ» ወደ «ሉ»፣ «በ» ወደ «ቡ» ሲለወጥ በቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ይወጣለታል፤ በ«ሊ»ና በ«ቢ» ጭረቷ ወደ እግር ግርጌ ትወርዳለች፤ በ«ሌ»ና በ«ቤ» ቀለበት ትሆናለች። ይህን ምልክት አንድ ጊዜ በሚገባ የተረዳ ሕፃን በአብዛኞቹ ረድፎች ላይ ሊሠራበት ይችላል። ችግሩ ያለው ሳድሱ ላይ ነው። «ል»፣ «ብ»፣ «ን»፣ «ር» እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ስለሚለወጡ አንዱ ለሌላው አይመራም። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ይኸው ሳድስ ነው። ብልኅ መምህር ሰዓቱን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ በዜማው ውስጥ ግን ሳድሱም እንደሌሎቹ አንድ ምት ብቻ ይደርሰዋል።

ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ጉዳይም አለ። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ»፣ «ጸ፣ ፀ» ገና ከጅምሩ ባንድነት ቢቀርቡ ሕፃኑ ይደናገራል። አንዱ ከተለመደ በኋላ ሌላው ቢከተል ይበጃል እንላለን። ሊቃውንት በዚህ ሊቆጡን ይችላሉ፤ ይቆጡን።

ፊደሉ የማይጽፈውም ነገር አለ። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። ጽሕፈቱ አንድ በመሆኑ ልዩነቱን የሚያውቀው ቋንቋውን የሚያውቅ ብቻ ነው። እንግዲህ ቋንቋውን ያልሰማ ሕፃን ምን ያድርግ? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች አስተምሮ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። በዚያው ዘመን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በአማርኛ ነበር። ስለዚህ አባት ማታ በገዛ ቋንቋው ፊደል ሲቆጥር፣ ልጁ ቀን በማያውቀው ቋንቋ ያዜም የነበረበት ቤት ጥቂት አልነበረም። ይህን የለወጠው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው።

ቋንቋው ከተለወጠ ከዓመታት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ በስድስት ቋንቋዎች ተፈተነ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ያህል ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከስድስቱ ቋንቋዎች ገሚሶቹ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ስለነበሩ ጥፋቱን በግዕዝ ፊደል ብዛት ማሳበብ አይቻልም። እነዚህ ሕፃናት ከክፍል ወደ ክፍል ሲሸጋገሩ ሳይንሱም ሒሳቡም በጽሑፍ ይጠብቃቸዋል። የማያነብ ልጅ የጓደኛውን ደብተር መልክ እያየ ይገለብጣል፤ ደብተሩ ሲታይ ሞልቷል፤ ወላጅም ይህን አይቶ ይረካል።

ወታደር አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ይመልሱልን። ትናንት ከቀዬው የመጣ፣ ግራና ቀኝ መዞርን ያልለመደ ምልምል ለማን ይሰጣል? ልምድ ላለው አሠልጣኝ አይደለምን? በትምህርት ቤት ግን ልማዱ ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው፤ የበሰለው መምህር ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ አዲሱ አንደኛ ክፍልን ይረከባል። ትልቁን የሕፃናት ጭፍራ የሚቀበለውም እርሱው ነው። ይህን ማስተካከል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የርእሰ መምህሩን ውሳኔ ብቻ ይጠይቃል።

መጻፍን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃናል። ሕፃኑ ሙሉ ረድፍ ሃያ ጊዜ ከሚገለብጥ የራሱን ስም፣ ቀጥሎ የእናቱን ስም ቢጽፍ ይመረጣል። በስም ውስጥ ፊደላቱ ከተራቸው ወጥተው ይገኛሉና። ደብተር ባይኖር አሸዋ አለ፤ ጣትም አለ።

ወላጅም በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ልጁን አቅርቦ በዚህ ገጽ ላይ «ማ»ን አሥር ጊዜ ፈልጎ እንዲያገኝ ይጠይቀው። ልጁ ወደ ፊደል ገበታው ዞሮ ከ«መ» ጀምሮ ማዜም ከያዘ መቆጣት አያስፈልግም፤ «መ፣ ሙ፣ ሚ» የሚሉትን ሦስቱን በእጅ መዳፍ ሸፍኖ፣ «ይህችስ?» ብሎ እንደገና መጠየቅ ነው።