ለአጭር ጊዜ ምግብን የማቆም ሙከራ፦ አጀማመሩና አጨራረሱ

መግቢያ

በተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች አዘውትረው ከሚሰሙ ስሞታዎች አንዱ «ይህን ምግብ ስበላ ያመኛል» የሚለው ነው። አንዱ ታማሚ ወተትን፣ ሌላው ሽሮን፣ ሌላው ደግሞ ዳቦን ይወቅሳል። ብዙዎቹ ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት የጠረጠሩትን ምግብ በራሳቸው ውሳኔ ለወራት ከተዉ በኋላ ነው። ሥራ የበዛበት ባለሙያም «እንግዲያው የሚያምዎትን አይብሉ» ብሎ ሊያሰናብታቸው ይችላል። ምክሩ ጉዳት የሌለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ያለ በቂ ማስረጃ የተተወ ምግብ ለዓመታት እንደተተወ ይቀራል፤ የሕመሙ እውነተኛ መንስኤም ሳይታወቅ ይቆያል።

ምግብን ለጊዜው ማቆም በአግባቡ ከተሠራበት ጠቃሚ የምርመራ ዘዴ ነው። ምርመራ እንደመሆኑም መነሻ ጥያቄ፣ የተወሰነ ጊዜና የሚነበብ ውጤት ሊኖረው ይገባል። ውጤቱ የሚታወቀው ምግቡ ሲቆም ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ሲበላ ጭምር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሙከራው ለማን እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚካሄድና እንዴት እንደሚጠናቀቅ ለጤና ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

የዘዴው አመጣጥ

የማቆም ሙከራ በሕክምናው ዓለም በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ አሜሪካዊው የአለርጂ ሐኪም አልበርት ሮው ለሕሙማን የተዘጋጁ የምግብ ዝርዝሮችን ካቀረበ በኋላ ነው። ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን የሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም የቪለም ዲከ ሥራ ነው። ዲከ ሴሊያክ በተባለው የአንጀት በሽታ የሚሠቃዩ ሕፃናት ስንዴ ሲቆምላቸው እንደሚሻላቸው አስተውሎ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት፣ በሆላንድ ዳቦ በጠፋ ጊዜ የነዚህ ሕፃናት ጤና መሻሻሉ፣ ዳቦ ተመልሶ ሲገኝም ሕመሙ ማገርሸቱ ግምቱን አጠናከረለት። እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው የምርምር ሥራም ስንዴን በማቆምና በመመለስ ጉዳቱ ከስንዴ የሚመጣ መሆኑን አሳየ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምግቡ ሲቆም ታማሚው መሻሉ ጥርጣሬን ያጠናክራል፤ ምግቡ ሲመለስ ሕመሙ መመለሱ ደግሞ ለጥርጣሬው ማስረጃ ይሆናል።

አስቀድሞ ሊለዩ የሚገባቸው ሁኔታዎች

«ምግብ አይስማማኝም» የሚለው አነጋገር ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሁኔታዎችን ሊያመለክት ይችላል።

የመጀመሪያው ፈጣን አለርጂ ነው። ምግቡ በተበላ በደቂቃዎች፣ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ማስታወክ ወይም የትንፋሽ ማጠር ይከተላል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ምግቡን በቤቱ መልሶ እንዲሞክር ፈጽሞ ሊመከር አይገባም። የመመለሱ ሙከራ የሚደረገው ለአናፊላክሲስ ሕክምና ዝግጁ በሆነ ተቋም ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ በጡንቻ የሚሰጥ አድሬናሊን (በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም፣ ለአዋቂ እስከ 0.5 ሚሊ ግራም) በእጅ መገኘት አለበት።

ሁለተኛው ሴሊያክ ነው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በስንዴ፣ በገብስና በአጃ መሰል እህሎች ውስጥ ለሚገኘው ግሉተን በሚሰጠው ምላሽ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይጎዳል። በሽታው በሚጠረጠርበት ጊዜ የደም ምርመራው ግሉተን ከመቆሙ በፊት መደረግ አለበት። ታማሚው ምግቡን አስቀድሞ ካቆመ በደም ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ይቀንሳሉ፤ አንጀቱም ስለሚያገግም ምርመራው በሽታ የሌለ ሊያስመስል ይችላል። ያን ጊዜ ታማሚው በቀን ከአንድ በላይ በሆነ ማዕድ ግሉተን ያለበትን ምግብ ቢያንስ ለስድስት ሳምንታት መልሶ እንዲበላ ይገደዳል።

ሦስተኛው የምግብ አለመፈጨት ሲሆን፣ ለማቆም ሙከራ ይበልጥ የሚስማማውም ይህ ነው። የላክቶስ አለመፈጨት ዋና ምሳሌው ነው። በዓለም ላይ በርካታ አዋቂዎች ከልጅነት በኋላ ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም ይቀንስባቸዋል። በአንጻሩ ከብት በማርባት የኖሩ አንዳንድ ሕዝቦች ኢንዛይሙን በአዋቂነትም ይዘው ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙ ጥናቶች በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ባሕርይ የሚሰጡት የዘረ መል ለውጦች ከአውሮፓው የተለዩ መሆናቸውን አሳይተዋል። በሌላ በኩል ጃርዲያ ወይም ከባድ ተቅማጥ የአንጀቱን ግድግዳ ሲጎዳ የላክቴዝ እጥረት ለጊዜው ሊከሰት ይችላል። ይህ እጥረት አንጀቱ ሲያገግም ይወገዳልና ታማሚው ወተትን ለዘለቄታው እንዲተው ማድረግ ስሕተት ነው።

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት

ክብደት መቀነስ፣ ደም የተቀላቀለበት ወይም ጥቁር ሰገራ፣ የደም ማነስ፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የማያቋርጥ ማስታወክ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ፣ እንዲሁም በገፋ ዕድሜ የጀመረ አዲስ የሆድ ሕመም ካለ ምግብን ከመወንጀል በፊት መንስኤው ሊመረመር ይገባል። የሆድ ሳንባ ነቀርሳ፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ካንሰር ያለበት ሰው ወተት አቁሞ ለአንድ ወር ቢጠብቅ የሚያጣው ጊዜ ነው። የሰገራ ምርመራም ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከክብደት በታች የሆኑ ሰዎችና ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ሙከራውን ያለ ባለሙያ ክትትል ማካሄድ የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ እንቁላልን ወይም ወተትን ከሕፃን ማዕድ ያለ ማስረጃና ያለ ምትክ ማስወገድ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ተቅማጥ ቢይዘው ጡት ማጥባቱ አይቋረጥም። ሕፃኑ ለላም ወተት አለርጂ እንዳለበት ከተጠረጠረም የምታቆመው እናቲቱ የላም ወተትን እንጂ ማጥባቱን አይደለም።

የጾም ወራት የሚሰጡት ፍንጭ

በኢትዮጵያ የሚሠራ ባለሙያ ከታማሚው የጾም ልማድ ጠቃሚ ፍንጭ ሊያገኝ ይችላል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በ55 ቀናቱ ዐቢይ ጾም ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን አይበሉም። «በጾም ወቅት ሕመሙ ይሻልዎታል ወይስ ይብስብዎታል?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ ታማሚዎች ለመመለስ ቀላል ነው። የሚሻለው ሰው የወተት ተዋጽኦን እንዲጠረጥር ያደርገናል። የሚብስበት ሰው ደግሞ በጾም ወቅት የሚበዙትን ምስርን፣ አተርን፣ ሽምብራንና ባቄላን፣ እንዲሁም በየወጡ የሚገቡትን ቀይና ነጭ ሽንኩርት ያስጠረጥረናል። እነዚህ ምግቦች በትንሹ አንጀት በሚገባ የማይፈጩ፣ በትልቁ አንጀት ግን በባክቴሪያ እየተብላሉ ጋዝ የሚፈጥሩ የስኳር ዓይነቶች አሏቸው። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ስኳሮች «ፎድማፕ» በሚል የጋራ ስም ሰብስበው ለቁጡ አንጀት ሕመም የሚረዳ አመጋገብ አዘጋጅተዋል። ይህም አመጋገብ ቢሆን ጥብቅ የሚሆነው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ምግቦቹ በየተራ ይመለሳሉ።

ይሁን እንጂ ጾም በራሱ የተሟላ ምርመራ አይደለም። በፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥ፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ጠላ በአንድ ቀን ይመለሳሉ፤ የሚበላውም መጠን ይጨምራል። በማግሥቱ የታመመ ሰው ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንዳመመው ለማወቅ አይችልም። ስለዚህ የወተት ጥርጣሬ ያለበት ታማሚ ከጾሙ ፍቺ በኋላ ወተትን ለአንድ ሳምንት አዘግይቶ ለብቻው እንዲጀምር ቢመከር፣ ያለ ተጨማሪ ወጪ ጥሩ ማስረጃ ሊገኝ ይችላል።

የሙከራው አካሄድ

አካሄዱን ለማሳየት በሆድ መነፋትና በልል ሰገራ የምትቸገር፣ የአደጋ ምልክት የሌለባትና ወተትን የጠረጠረች አንዲት የ30 ዓመት ሴት ብናስብ፣ ሙከራው በአራት ደረጃዎች ይከናወናል።

1. መመዝገብ። በመጀመሪያው ሳምንት አመጋገቧን ሳትለውጥ የበላችውን፣ የጠጣችውንና የተሰማትን ሕመም በየዕለቱ ትጽፋለች። ለሕመሙ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ትሰጣለች። መጻፍ የማይችል ታማሚ በቤተሰብ እገዛ ወይም በቀላል ምልክት ሊመዘግብ ይችላል።

2. ማቆም። የተጠረጠረው ምግብ ብቻ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ይቆማል። ብዙ ምግቦችን በአንድ ጊዜ ማቆም ታማሚዋን ያዳክማል፤ ውጤቱንም ለመተርጎም ያስቸግራል። በዚህ ጊዜ ወተት ብቻ ሳይሆን ማኪያቶ፣ አይስክሬምና የወተት ዱቄት ያለባቸው ብስኩቶችም ይታሰባሉ። የቆመው ምግብ ይሰጥ የነበረው ፕሮቲንና ካልሲየም በሌላ ምግብ እንዲተካ ይደረጋል። በዚህ ወቅት አዲስ መድኃኒት መጀመርም ሆነ ሌላ የአመጋገብ ለውጥ ማድረግ አይገባም።

3. መመለስ። ሕመሙ ከቀነሰ ምግቡ በሦስት ቀናት ይመለሳል፦ በመጀመሪያው ቀን ሩብ ብርጭቆ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው አንድ ብርጭቆ። ከዚያም ለሦስት ቀናት ቆሞ ምልክቱ ይታያል። ሕመሙ ካልቀነሰ ግን ሙከራው በዚያው ያበቃል፤ ምግቡም ይመለሳል። «ምናልባት ትንሽ ጊዜ ቢጨመር» እያሉ ማራዘም ተገቢ አይደለም።

4. ማረጋገጥ። ምግቡ ሲመለስ ሕመሙ ከተመለሰ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሙከራውን አንድ ጊዜ መድገም ይበጃል። የሆድ ሕመም በራሱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ታማሚዎችም ምግብ የሚያቆሙት ሕመሙ በባሰበት ሰዓት ስለሆነ ያለ ምንም ለውጥ ሊሻላቸው ይችላል። ያመኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው በስጋቱ ብቻ ሊታመምም ይችላል። በምርምር ውስጥ ታማሚውም ሐኪሙም የሚሰጠውን ምግብ ሳያውቁ ሙከራው የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።

የግሉተን ጉዳይና የአገር ቤት ምግቦች

ጤፍ ግሉተን የለውም። ሴሊያክ እንዳለበት በምርመራ የተረጋገጠለት ሰው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ መብላቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በገበያ የሚሸጥ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል። ጤፉ ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ ከተፈጨ፣ ወይም እርሾው ከተቀላቀለ ሊጥ የተወሰደ ከሆነ ግሉተን ይገባበታል። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ ጨጨብሳ፣ አምባሻ፣ ፓስታና በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላም ሊታወሱ ይገባል። ለሴሊያክ ሕሙማን ይህ ጥንቃቄ የዕድሜ ልክ ነው። በሽታው ለሌለበት ሰው ግን ስንዴን መተው ጤና እንደሚጨምር የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ከውጤቱ በኋላ

የሙከራው ግብ ታማሚው የሚተወውን ምግብ ወደ ትንሹ መጠን ማውረድ ነው። ላክቶስ የማይፈጭላቸው አብዛኞቹ ሰዎች 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በአንድ ጊዜ ቢወስዱ ከባድ ምልክት አይታይባቸውም። እርጎና አይብ ደግሞ ከወተት ይልቅ ይስማሟቸዋል። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰችው ሴት ወተትን ሙሉ በሙሉ ከመተው ይልቅ በጥቂቱ፣ ከምግብ ጋር እንድትወስድ ብትመከር ይሻላል። የማቆሙን ስፋት ማጥበብ እንደሚቻል ሌሎች ጥናቶችም አሳይተዋል። ኢዮሲኖፊሊክ በተባለው የጉሮሮ ቧንቧ ብግነት ስድስት የምግብ ዓይነቶችን ማቆም የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በአዋቂዎች ላይ የታተመ ጥናት ግን የላም ወተትን ብቻ ማቆም እንደ መጀመሪያ ሕክምና ተመጣጣኝ ውጤት እንደሚሰጥ አመልክቷል።

የደም ምርመራ ይህን ሁሉ ድካም ይተካል የሚል ማስታወቂያም አለ። የአውሮፓ የአለርጂና ክሊኒካዊ ኢሙኖሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ ለምግቦች የሚደረገው የ«አይጂጂ 4» ምርመራ ሰውነት ለምግቡ መጋለጡን እንጂ በሽታን እንደማያመለክት ገልጾ ለምርመራ እንዳይውል መክሯል።

አመጋገባቸውን ለማሻሻል ብቻ ምግብ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ የሚሰጠው ምክር የተለየ ነው። ለስላሳ መጠጥን፣ አልኮልን፣ የበዛ ስኳርንና ጨውን መቀነስ የመመለስ ሙከራ አያስፈልገውም፤ ጥቅሙ የታወቀ ነውና። ጥራጥሬን፣ እንቁላልን፣ ወተትን ወይም አትክልትን ያለ ምክንያት ማቆም ግን አመጋገብን አያሻሽልም።

ማጠቃለያ

ምግብ ለሚያቆም ታማሚ አራት ነገሮች በካርዱ ላይ ሊጻፉለት ይገባል፦ የቆመው ምግብ፣ የሚተካው ምግብ፣ የማቆሚያው ቀንና የመመለሻው ቀን። ከአራቱ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ከዓመታት በፊት ምግብ አቁመው እስከ ዛሬ ያልመለሱ ታማሚዎች ሲገኙም «ይህን ምግብ ለምን ተዉት? መልሰው ሞክረውት ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፈጣን አለርጂ ታሪክና የሴሊያክ ጥርጣሬ የሌለበት ሰው ያለ በቂ ምክንያት የተወውን ምግብ እንዲመልስ መርዳትም እንደማንኛውም ሕክምና የሚቆጠር አገልግሎት ነው።