በደብረ ታቦር ከፍታ ብረት ሲነሳ ጉልበቱ ከየት ይመጣል?

ደብረ ታቦር ከባህር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ስፖርት የሚሠራ ወጣት ቶሎ ቢያለከልክ አቅም አንሶት ላይሆን ይችላል።

ጡንቻ የሚሠራው ኤቲፒ በሚባል ነዳጅ ነው። ክምችቱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚበቃ ያለማቋረጥ መተካት አለበት። ከባድ ብረት ስናነሳ ቶሎ የሚተካው ክሬቲን ፎስፌት ነው፤ አሥር ሰከንድ ያህል ያገለግላል፣ ኦክስጅንም አይጠይቅም። ከዚያ እስከ ሁለት ደቂቃ ገደማ በአብዛኛው የጡንቻ ስኳር ያለ ኦክስጅን ይሰባበራል፤ ጡንቻ የሚያቃጥለን ያኔ ነው። ለረጅም ሩጫ ግን ኦክስጅን ግድ ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ በ2,240 ሜትር ከፍታ፣ ይኸው ታየ። በስስ አየር የ100 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰበር የረጅም ርቀት ሰዓቶች ዘገዩ። ማራቶኑን ያሸነፈው ከፍታ የለመደው የእኛው ማሞ ወልዴ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት፣ ክሬቲን ፎስፌት ሲያልቅ ተመልሶ የሚሞላው በኦክስጅን መሆኑን ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ከከባድ ዙር በኋላ ሦስት አራት ደቂቃ ማረፍ ስንፍና አይደለም፤ በተለይ ከቆላ ለመጣ እንግዳ።

በረመዳን ደግሞ ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ፣ ምግቡ ረጋ ሲል ማድረግ ይሻላል። ጾመኛ ሆኖ መሥራት የፈለገ ኢፍጣር ሲቃረብ ቀለል ያለውን ይሥራ፤ ውሃው ቅርብ ነው።