ባንድ ጆሮ ብስክሌት መንዳት

ብስክሌት የሚነዳው በእግር ቢሆንም ሚዛኑን ከሚጠብቁልን ዳኞች አንዱ የሚገኘው በጆሮአችን ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀለበት የጎበጡ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና መዞራችንን ያስታውቃል። ይህንንም ሆነ ድምፅን ለአንጎል የሚያደርሰው ስምንተኛው የራስ ነርቭ ነው። በዚህ ነርቭ ላይ አንዳንድ ጊዜ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ይበቅላል። ሐኪሞች በውስጠኛው ጆሮ በኩል ገብተው ሲያወጡት በዚያ ወገን ያለው መስማትና ሚዛን አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ብስክሌቱን ይሽጠው ወይስ ያቆየው? እኛ ያቆየው እንላለን። መጀመሪያ ሰሞን ጤነኛው ጆሮ ብቻውን ስለሚናገር ዓለም የሚዞር ይመስለዋል። የጠፋው አይመለስም፤ ነገር ግን አንጎል በሳምንታትና በወራት ውስጥ የቀረውን ጆሮ፣ ዓይንንና እግርን አስማምቶ መፍረድ ይማራል። የሚማረውም ሲንቀሳቀሱ ነው። በ1940ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ዓይንና ራስን የማንቀሳቀስ ልምምድ ያዘጋጁት ስለዚህ ነው። ስለዚህ «የታመመ ሰው ይረፍ» የሚለው ያገራችን ምክር እዚህ ላይ ከልክ ሲያልፍ ይጎዳል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ አስቀድሞ ራስን ግራና ቀኝ እያዞሩ በእግር መሄድ፣ ቀጥሎም መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ባዶ ሜዳ ላይ መንዳት ነው። ብስክሌት የሚቆመው መሪው ጥቂት በጥቂት ሲታረም ስለሆነ እጅግ ቀስ ማለት ይበልጥ ያስቸግራል። ማታ ደግሞ ዓይን ስለማይረዳ ይቆይ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ነው፤ ራስ ሲዞር መሪውም ይከተላልና።

በእኛ አስተያየት ከሚዛኑ ይልቅ የሚያሳስበው መስማቱ ነው። ድምፅ ከወዴት እንደ መጣ የምናውቀው በተለይ ወደ ሁለቱ ጆሮዎች በሚደርስበት ጊዜ ልዩነት ሲሆን፣ ይህም ከሰከንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። ባንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ባሕር ዳር ላይ የባጃጁን ጩኸት ይሰማል፤ በየት በኩል እንደ መጣ ግን ይጠፋበታል። በአገራችን መኪና የሚቀድመው በግራ ስለሆነ ግራ ጆሮው ለማይሰማ ሰው ነገሩ ይብሳል። በመሪው ግራ ጫፍ ላይ ትንሽ መስተዋት ማሰር ዋጋው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ዞሮ ከማየትም ያድናል።

አብረነው የምንነዳ ጓደኞች ደግሞ ከበስተኋላው ድንገት አንጩኽ። ድምፃችንን ፍለጋ ራሱን ያዞራል፤ ብስክሌቱም ወደ መንገዱ መካከል ይገባል።