ዓመቱ ሳይሞላ፦ ጥገኝነት በአሜሪካ የሚጠየቅበት መንገድ

ከአገራችን ወደ አሜሪካ የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያንኳኳው የቤተ ክርስቲያንን በር ነው። ምእመናንም ማደሪያ፣ ልብስና ምግብ ይሰጡታል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳይነገረው ይቀራል፤ ይኸውም የጊዜ ገደቡ ነው። አንድ ወንድም አሜሪካ በገባ በአሥራ አራተኛው ወር ወደ እኛ መጥቶ፣ «መጀመሪያ ሥራ ልያዝ፣ ቋንቋውንም ልልመድ ብዬ ነበር» አለን። የተቀበሉት ሁሉ ይወዱት ነበር፤ ሕጉን የነገረው ግን አልነበረም። ስለዚህ ዋና ዋናውን ነጥብ ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በአጭሩ እንገልጻለን።

ስደተኛ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ መሠረቱ የ1951 ዓለም አቀፍ ስምምነትና የ1967 ፕሮቶኮል ናቸው። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ክፍል አባል በመሆኑ ስደት የደረሰበት፣ ወይም ይደርስብኛል ብሎ በበቂ ምክንያት የሚፈራ ሰው ስደተኛ ይባላል። ድህነትና ሥራ ማጣት ብቻቸውን አይበቁም። ከአሜሪካ ውጭ ሳለ ተመርምሮ የሚገባው ስደተኛ ሲባል፣ በአሜሪካ ምድር ወይም በድንበር ላይ ሆኖ የሚያመለክተው ደግሞ ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል። የመጀመሪያው ቅበላ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንዲታገድ ተደርጎ ነበር።

የአንድ ዓመት ገደብ

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ጥገኝነት ጠያቂው አሜሪካ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያመለክት ያዛል። ማመልከቻው አይ-589 የተባለው ቅጽ ነው። በአገሩ ያለው ሁኔታ ከተለወጠ፣ ወይም እንደ ከባድ ሕመም ያለ ልዩ ችግር ካገደው የዘገየውም ሊሰማ ይችላል፤ ነገር ግን የዘገየበትን ምክንያት አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። ይህ ካልተሳካለት ወደ አገሩ እንዳይመለስ ብቻ የሚከለክል ሌላ ጥበቃ መጠየቅ ይችላል። የዚህ ማስረጃ ግን የከበደ ነው፤ ወደ ግሪን ካርድም አያደርስም፤ ሚስቱንና ልጆቹንም አያስመጣለትም። ያ ወንድም ዛሬ ያለው በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው።

ከተፈቀደ በኋላ

ጥገኝነት ያገኘ ሰው አንድ ዓመት ከኖረ በኋላ ለግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። የትዳር ጓደኛውንና ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹን ለማስመጣት ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት። ዜግነት ለመጠየቅ በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት ያስፈልገዋል፤ ከግሪን ካርዱ በፊት የነበረው አንድ ዓመትም ይቈጠርለታል።

ጥንቃቄ

እውነተኛ ታሪክን «ለማጠናከር» ሐሰት መጨመር ሰውን ያጠፋል። ዋናውን ነገር ሆን ብሎ በሐሰት ያቀረበ ሰው ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ለዘለዓለም ሊታገድ ይችላል። ቅጽ የሚሞላ ሁሉ ጠበቃ አይደለም፤ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር የታወቀ ወኪል ብቻ ምክር ይስጥ። አድራሻውን የለወጠ ሳይዘገይ ያስታውቅ፤ የፍርድ ቤት ጥሪ ወደ አሮጌ ቤት ሄዶ ሳይቀርብ የቀረ ሰው በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ይፈረድበታልና።

ጉባኤው ምን ያድርግ?

እንግዳው በመጣበት ሳምንት የገባበትን ቀን ጠይቁት፤ ጽፋችሁም ያዙ። ክፍያውና አሠራሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ሳይዘገይ ወደ ጠበቃ ውሰዱት። በጥገኝነት ቢሮ ለሚደረገው ቃለ መጠይቅ አስተርጓሚ ማቅረብ የአመልካቹ ፈንታ ነው፤ ስለዚህ ከመካከላችሁ ሁለቱን ቋንቋ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው አዘጋጁ። ያያችሁትን የምታውቁ እንደ ሆነ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፉለት፤ ያላያችሁትን ግን አትጻፉ። አልጋና እንጀራ ከሰጠን በኋላ ቀኑን ሳንነግረው ብንቀር እንግዳውን የተቀበልነው በግማሽ ነው።