መምህሩ፣ ክለቡና የልጅቷ አጥንት

በቢቸና ወይም በሞጣ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ቤቶችን የሩጫ ውድድር አሸነፈች እንበል። የስፖርት መምህሯ ለመጪው ዓመት ውድድር ያስባታል፤ ክለብ ደመወዝ ይዞ ይመጣል፤ ወላጆቿ በደብተሩና በደመወዙ መካከል ይዋልላሉ። ክርክሩ «የማን ናት?» የሚል ነው። አጥንቷ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል።

በጉርምስና ወቅት አጥንት በርዝመት ፈጥኖ ያድጋል፤ ማዕድናት ተጠራቅመው እስኪያጠነክሩት ግን ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ክፍተት መምህሩ ማክሰኞ ያስሮጣታል፤ የክለቡ አሠልጣኝ ረቡዕ እንደ አዲስ ይጀምራል። እያንዳንዱ ልምምድ ለብቻው ልከኛ ነው፤ ድምሩን የሚያውቅ ግን የለም። ዕረፍትና ምግብ ሲያንሱ በአጥንቱ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ይከማቻሉ። የወር አበባ መቅረትም «ስፖርተኛ ስለሆነች ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን የምግብ ጉድለት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ የምሥራቅ ጎጃም ብቻ አይደለም። ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት መምህር ስንታየሁ እሸቱ በሠሩባት በአርሲ በቆጂ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው «የሯጮች ከተማ» ዘጋቢ ፊልም ከመምህሩ ተለይተው ወደ ክለብ የሄዱ ሁለት ልጃገረዶችን ይከተላል። ክለብ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለገበሬ ልጅ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የልምምድ መዝገቧን ወላጅ ቢይዝላት እመርጣለሁ፤ መምህርም ክለብም ይለወጣሉና። ያን ጊዜ አዲሱ አሠልጣኝ ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሮጠች፣ የትኛው ቅልጥሟ እንደሚያማት ከመጀመሪያው ቀን ያውቃል።